«ክላሲካሉን ላክልን»

ባለፈው ጥር ከመግባቱ በፊት ነው፣ ከተማው ለጥምቀት ሽር ጉድ እያለ እኔ የከተማችን ፒያሳ ማኪያቶዬን ይዤ ቁጭ ብያለሁ፣ ከአዲስ አበባ ስልክ ተደወለ። የማስታወቂያ ድርጅት። ዩቲዩብ ላይ የለቀቅኩትን የመሰንቆ ስራ ለ30 ሰከንድ የቲቪ ማስታወቂያ ፈልገውታል። ሙላቱ አስታጥቄ በ2005 እ.ኤ.አ. ሙዚቃው የአሜሪካ ፊልም ላይ ገብቶ ስንት አዲስ አድማጭ እንዳገኘ ስለምናውቅ ያው ሁላችንም እንመኛለን፣ እኔማ ዋጋ ሳልሰማ ሳውንድ ካርድ በሀሳቤ ገዝቻለሁ።

የደወለው ልጅ ግን «መብቱ ሙሉ ለሙሉ ያንተ ነው? ክላሲካሉን ደሞ እስከ ነገ ላክልን» አለኝ። ክላሲካል የሚለው የዘፋኝ ድምፅ የሌለበትን፣ ሙዚቃውን ብቻ ነው።

አሁን ቆይ። ቲቪ ላይ ለሚገባ ዘፈን ፍቃዱ ሁለት ነው፣ የግጥምና ዜማው አንድ፣ የተቀዳው ድምፅ ማለትም የማስተሩ ሌላ። የኔ ስራ ቅኝቱ አንቺ ሆዬ ነው፣ እሱ የማንም አይደለም፣ ዜማው የኔ፣ ግጥሙ የጓደኛዬ፣ ቅንብሩ የስቱዲዮው ልጅ፣ መሰንቆውን የመቱልኝ የሰፈራችን አዝማሪ። የተፈራረምነው? ምንም! የቅጂ መብት አዋጁ፣ 410/1996፣ ደሞ ለከዋኙም የራሱን መብት ይሰጣል፣ መብት ሲተላለፍም ሲፈቀድም በፅሁፍ ነው ይላል።

ማታውኑ አዝማሪው ቤት ሄድኩ። «አያ፣ ይቺን ይፈርሙልኝ» ስላቸው ወረቀቱን ገልበጥ አርገው «ለቲቪ ነው? እታያለሁ?» አሉኝ። አይታዩም፣ ድምፁ ብቻ ነው የሚሰማው። «እንግዲያው ሩቡ የኔ ነው» አሉና ፈረሙ። ጓደኛዬም በስልክ እሺ ብሎ ማግስቱን ፈረመ፣ እሱ ጋ ችግር የለም።

ክላሲካሉ ነው ያንገበገበኝ። የስቱዲዮው ልጅ ሃርድ ዲስኩ ተቃጥሎ ፕሮጀክቱ ማለትም ድምፆቹ ለየብቻ ያሉበት ፋይል የለም፣ ያለኝ ሁሉም አንድ ላይ የተሚከሰ ኤምፒስሪ ብቻ! ስለዚህ እንደገና ቀዳነው፣ ያውም መሀል ላይ መብራት እየሄደ፣ በሶስተኛው ቀን ዌቭ በሚባለው ባልታመቀ ፋይል፣ በ48 ኪሎኸርዝ አርገን የዘፋኝ ድምፅ የሌለውን፣ ሙሉውን፣ 30 ሰከንዱን፣ መሰንቆውን ለብቻ ላክን። ደግነቱ ሰዎቹ ጠበቁኝ።

ውሉ ሲመጣ «ለሁሉም ሚዲያ፣ ለዘላለም» ይላል። ለዘላለም ምን ማለት ነው ባካችሁ? ተከራክሬ 6 ወር፣ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ ቲቪና ሶሻል ሚዲያ ብቻ አስደረግኩት፣ በ6 ወሩ ውስጥ ለተፎካካሪ ምርት አልሰጥም አልኩ፣ ብሩም እንደጠበቅኩት ባይሆን መጥፎ አልነበረም።

አለቀ ስል ማስታወቂያው በተለቀቀ በሁለተኛው ቀን የማስታወቂያ ድርጅቱ ልጅ እየጮኸ ደወለ። ለካ ዘፈኑን ኦንላይን በሚያሰራጭልኝ ድርጅት በኩል የዩቲዩብ ኮንቴንት አይዲ፣ ዘፈንህ ሌላ ቪዲዮ ላይ ሲገባ ለይቶ የሚይዘውን ሲስተም፣ አስከፍቼ ረስቼዋለሁ፣ ሲስተሙ የደንበኛቸውን ማስታወቂያ «የኔ ዘፈን ነው» ብሎ ይዞታል። በራሴ ስራ ራሴን ከሰስኩ በሉት! ይቅርታ ብዬ፣ አሰራጮቹ ክሌሙን ማለትም የይገባኛል ጥያቄውን እንዲያነሱ ፅፌ፣ የደንበኛውን ቻናል ሲስተሙ ዳግም እንዳይነካው ዋይትሊስት አስደርጌ ሁለት ቀን እንቅልፍ አጣሁ።

አያ አሁን ስቱዲዮ ስጠራቸው መሰንቆውን ከማውጣታቸው በፊት «ወረቀቷስ?» ይላሉ።