ግረብ አዲሱን ፓርቲሽን አላውቀውም ሲላችሁ ኤስኤስዲውን አትመልሱ
ደብረ ማርቆስ ያለው የአጎቴ እህል መጋዘን ሒሳቡን የሚይዘው በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ኡቡንቱ 20.04 የሚባለው የሊኑክስ ሲስተም አለው። ሃርድ ዲስኩ መንቋቋት ሲጀምር ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው ዲስክ) ገዛን። ሲስተሙን እንደ አዲስ ጭኖ ያን ሁሉ ፕሮግራም በሞባይል ዳታ ማውረድ ኪስ ያራቁታል። እንዳለ ልገልብጠው አልኩ።

ቀላል ቀላሉን ልለፈው። በአዲስ ላይቭ ፍላሽ (ሳይጫን ሲስተም የሚነሳበት ፍላሽ) አስነሳሁ፣ አዲሱን ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ኤክስት4 በሚባለው ፋይል ሲስተም ፎርማት አደረግሁ፣ ፋይሎቹን በአርሲንክ ገለበጥኩ፣ ኤፍኤስታብ (ሲነሳ የሚከፈቱ ፓርቲሽኖች ዝርዝር) ላይ ዩዩአይዲውን (የፓርቲሽኑን መለያ) ቀየርኩ፣ በሲኤችሩት ወደ ተገለበጠው ሲስተም ገባሁ።

ግረብን (ማሽኑ ሲበራ ሲስተሙን የሚያስነሳውን ፕሮግራም) ልጭን ስል አንዲት መስመር ወጣች፦ «አንኖውን ፋይልሲስተም»፣ የማይታወቅ ፋይል ሲስተም ማለት ነው። በቃ፣ ይኸው ነው! ምኑን እንዳላወቀው አይናገርም። ፓርቲሽኑ ግን ማውንት ይሆናል (ከሲስተሙ ጋር ይገናኛል)፣ ፋይሎቹ ይከፈታሉ፣ የፋይል ሲስተም መመርመሪያው ኤፍኤስሲኬም ምንም ችግር የለም ይላል። ደግሜ ፎርማት ባደርገው ያው ነው። በዚያው ፍላሽ ከሆነ መቶ ጊዜ ቢደጋገም ለውጥ የለውም።

አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ሰውየው ላፕቶፑን እንኳ ሳይከፍት «ወንድሜ፣ ይሄ ፎርጅድ ነው፣ መልስላቸው» አለኝና የምርመራ ተቀበለኝ። እስካሁን ያንገበግበኛል። አጎቴማ ምክንያት አገኘ፦ «አንተ ልጅ፣ እኔ ድሮም መዝገብ ይሻላል ብያለሁ።»

መልሱ የተገኘው ሁለቱን ዲስኮች ጎን ለጎን ሳያቸው ነው። ዳምፕኢ2ኤፍኤስ የሚባለው ትዕዛዝ የፋይል ሲስተሙን ባህሪያት በአንድ መስመር ይዘረዝራል። የሁለቱንም በጤፍ ሽያጭ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ጻፍኩና የሚመሳሰሉትን አንድ በአንድ ሰረዝኩ። አዲሱ ላይ ሁለት ስሞች ተረፉ፦ «ኦርፋን_ፋይል» እና «ሜታዳታ_ሲሰም_ሲድ»። ጥፋተኛዋ ሁለተኛዋ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግረብ ዲስክ የሚያነበው በሊኑክስ ከርነል አይደለም፣ የራሱ ማንበቢያ አለው። የማያውቀው ተኳኋኝነት የሚሰብር ባህሪ ካየ ፓርቲሽኑን ጨርሶ አይነካም። በ2023 የወጣው ኢ2ኤፍኤስፕሮግስ 1.47.0 (ኤክስት4ን ፎርማት የሚያደርገው የመሣሪያ ስብስብ) ሁለተኛዋን ባህሪ ሳይጠየቅ ማብራት ጀመረ። የላፕቶፑ ግረብ ደግሞ 2.04 ነው፤ አያውቃትም። ግረብ 2.12 ላይ ችግሩ የለም።

ማስተካከያው ያናድዳል፣ በጣም አጭር ስለሆነ። ፓርቲሽኑን አንማውንት ማድረግ፣ ቲዩን2ኤፍኤስን (የፋይል ሲስተም ባህሪ መቀየሪያውን ትዕዛዝ) በትልቁ የእንግሊዝኛ «ኦ» ምርጫ መጥራት፣ ከባህሪዋ ስም ፊት ^ ማስቀመጥ፤ አጥፋት ማለት ነው። ዳታ አይነካም። ከዚያ ግረብ ያለ አንድ ቅሬታ ተጫነ።

ሁሌም አዲሱን ላይቭ ፍላሽ ተጠቀሙ የሚባለውን ምክር እኔ አልቀበልም። ፎርማት መደረግ ያለበት እዚያ ከሚኖረው ሲስተም ጋር እኩያ በሆነ መሣሪያ ነው። አዲስ ፍላሽ ብቻ ካላችሁ ፎርማት ስታደርጉ ባህሪዋን ያኔውኑ አጥፏት። /ቡትን (የማስነሻ ፋይሎቹ ያሉበትን ማውጫ) በራሱ ፓርቲሽን ለብቻው መለየት ጊዜው አልፏል የሚሉም አሉ። ይበሉ። እኔ 1 ጊጋ በኤክስት2 እለያለሁ።

ማሽኑ ሲነሳ «ግረብ ሬስኪው» ላይ ከቆመባችሁ ኤልኤስ የሚለውን ትዕዛዝ ጽፋችሁ ፓርቲሽኖቹን አንድ በአንድ ጠይቁ። የሩቱን (ሲስተሙ ያለበትን) ፓርቲሽን አላውቀውም ካለ ይህችኑ ባህሪ ጠርጥሩ። በላይቭ ፍላሽ ገብታችሁ መጀመሪያ ዳምፕኢ2ኤፍኤስን ጠይቁ፤ ጥገና ቤት ከዚያ በኋላ ይደረስበታል።