የሥጋ ዶሮ በተብላላ መኖ፦ ከባልዲው እስከ ገንዳው

ስለ ተብላላ መኖ፣ ማለትም በውኃ ተዘፍዝፎ እስኪኮመጥጥ ስለቆየ መኖ፣ የሚወራው ብዙ ነው። የመኖ ወጪን በግማሽ ይቀንሳል፣ መድኃኒት አያስፈልግም፣ ዶሮው ቶሎ ይደርሳል ይባላል። እኔ የማምነው ከዚህ ጠበብ ያለውን ነው። ማብላላት መኖው ውስጥ ያልነበረውን ፕሮቲን አይፈጥርም፤ ደካማ መኖ ተብላልቶም ደካማ ነው። የሚጨምረው አሲድ ነው። በእህሉ ውስጥ ታስሮ ዶሮው ሳይጠቀምበት በኩስ የሚወጣውን ፎስፈረስ በከፊል ይፈታል፤ ዱቄት ሆኖ ጉዝጓዝ ላይ ይበተን የነበረውንም መኖ አያይዞ ወደ ዶሮው አፍ ያስገባል። ለሥጋ ዶሮ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ግን ጥቅሙ የሚገኘው በውኃው ልክና በገንዳው ንጽሕና ነው፤ የሚጠፋውም እዚያው ላይ ነው።

የሥጋ ዶሮ የሚባክን ቀን የለውም። ሲፈለፈል 40 ግራም ገደማ የነበረው ጫጩት በ6 ወይም በ7 ሳምንት ውስጥ 2 ኪሎ ተኩል ይደርሳል። ለዚህም 4 ኪሎ ተኩል ያህል ደረቅ መኖ ይበላል። በመጀመሪያው ሳምንት በቀን 20 ግራም አካባቢ፣ በሦስተኛው 90፣ በአምስተኛው 160 ገደማ ማለት ነው። እነዚህ ሁሉ የደረቅ መኖ ቁጥሮች ናቸው፤ ስህተቱም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። 1 ኪሎ መኖ በ1.2 ሊትር ውኃ ሲራስ 2.2 ኪሎ ይሆናል። በቀን 160 ግራም የሚያስፈልገው ዶሮ ከዚህ እርጥብ መኖ 350 ግራም ያህል መብላት አለበት። ባልዲው ሙሉ ስለሆነ ብቻ በቂ የተሰጠ ይመስላል፤ ዶሮው ግን በግማሽ ሆዱ ይውላል። «መኖ ቆጠብኩ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይኸው ይመስለኛል፤ ዶሮው ሲመዘን ቀልሎ ይገኛል። ስለዚህ መኖው ውኃ ሳይነካው በፊት ይመዘን፣ ቁጥሩም ባልዲው ላይ ይጻፍ።

ውኃው ምን ያህል ይሁን? ለተፈጨ መኖ፣ ለ1 ኪሎ ከ1 እስከ 1.3 ሊትር ይበቃል። ፉርሽካ የበዛበት መኖ የበለጠ ይጠጣል፤ የተጨመቀው ፍሬ መኖ ደግሞ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ፈርሶ ሁሉንም ይመጥጠዋል፤ ውኃ መጨመር ካስፈለገ ከዚያ በኋላ ነው። ከቁጥሩ ይልቅ እኔ እጄን አምናለሁ። ከተብላላው መኖ አንድ እፍኝ ጭምቅ ሲደረግ በጣቶች መካከል ሁለት ሦስት ጠብታ ብቻ ወጥቶ፣ እጅ ሲከፈት ቅርጹን ይዞ ከቆየ ልክ ነው። እንደ ውኃ ከፈሰሰ ቀጥኗል። ቀጭን መኖ ዶሮው አንገት ሥር ያለውን ከረጢት በውኃ ስለሚሞላው ወፏ የጠገበች መስሏት ትተወዋለች፤ ኩሷም ይቀጥናል፣ ጉዝጓዙም ይረጥባል። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ፣ አሞኒያውም የእግር ቁስሉም፣ ከባልዲው የመጣ ነው።

ዕቃው ለምግብ የተሠራ ፕላስቲክ፣ ብርጭቆ ወይም የሸክላ ዕቃ ይሁን። የዚንክ ሽፋን ያለው ብረት ባልዲ ፈጽሞ አይሆንም፤ አሲዱ ዚንኩን እያሟሟ ወደ መኖው ያስገባዋል፣ ዚንክ ሲበዛ ደግሞ ወፏን ይመርዛል። ክሎሪን ያለው የቧንቧ ውኃ ክዳን በሌለው ዕቃ አንድ ቀን ቢያድር ክሎሪኑ ይወጣለታል፤ ውኃው የተጣራው በክሎራሚን ከሆነ ግን ማሳደር አይበቃውም፣ ሌላ ውኃ መፈለግ ይሻላል። ባልዲው እስከ አፉ አይሞላም። መኖው በጋዙ ተነፍቶ ከፍ ስለሚል ሲሶው ባዶ ይተዋል። ክዳኑም ጋዙ እንዲወጣ ላላ ብሎ ይቀመጣል እንጂ አይጠበቅም። ለ20 ዶሮ በአምስተኛው ሳምንት በቀን 3.2 ኪሎ ደረቅ መኖና ወደ 4 ሊትር የሚጠጋ ውኃ ያስፈልጋል፤ ባለ 10 ሊትር ባልዲ ይይዘዋል። መብላላቱ ሁለት ቀን የሚወስድ ከሆነ ሦስት ባልዲ እያፈራረቁ መሥራት ነው፤ አንዱ ሲበላ ሌሎቹ ይብላላሉ።

መጀመሪያ ላይ ምንም እርሾ አያስፈልግም። ሥራውን የሚሠሩት የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች እህሉ ላይ ራሱ አሉ። ችግሩ፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት አሲዱ ገና ስላልተነሣ ክፉዎቹም አብረው ይራባሉ። ግማሽ ቀን ብቻ ተዘፍዝፎ የሚሰጥ መኖ ከደረቁም ከተብላላውም የከፋ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ረጥቧል ግን አልኮመጠጠም። ፒኤቹ (የኮምጣጣነት መለኪያው፤ ሲኮመጥጥ ቁጥሩ ይወርዳል) ከ4.5 በታች ሲወርድ ሳልሞኔላን የመሰሉት አቅም ያጣሉ። በመለኪያ ወረቀት ማየት ቀላል ነው፤ ለጀማሪ በጣም እመክረዋለሁ፣ አፍንጫ እስኪለምድ ድረስ። ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ባለ ሙቀት ከ2 እስከ 3 ቀን፣ ወደ 30 ሲጠጋ አንድ ቀን ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ይበቃዋል። ከ15 በታች ሥራው እጅግ ስለሚንቀራፈፍ ባልዲውን ሞቅ ወዳለ ቦታ መውሰድ ግድ ነው። ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ከቀደመው መኖ ከአሥር አንዱን እጅ ለእርሾ አስቀርቶ ከአዲሱ ጋር ማሸት ነው። ያኔ አሲዱ ገና ከመነሻው ስላለ ያ አደገኛ ክፍተት በጣም ያጥራል። በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ እስከ ታች ድረስ ማማሰል ደግሞ ላዩ እንዳይደርቅና እንዳይሻግት ይጠብቀዋል።

በሁለተኛው ቀን ክዳኑ ሲነሣ ላዩ ጉብ ብሎ፣ እዚህም እዚያም ተሰንጥቆ ይታያል። ማማሰያው ሲገባ ከሥሩ አረፋ ይፈነዳል፣ እንደ እርጎ ያለ ንጹሕ የኮመጠጠ ሽታም ይወጣል። ዱቄቱ ከበፊቱ ለስለስ ብሎ እርስ በርሱ ይያያዛል። ላዩ ላይ ስስ፣ ልሙጥ ነጭ ሽፋን ከታየ አየር ወዳድ ይስት (አልኮል የሚያወጣው ረቂቅ ሕዋስ) ነውና አያስደነግጥም፤ ገፎ መጣል ወይም ማማሰል ነው። ጠጉር ያለው፣ አረንጓዴ፣ ጥቁር ወይም ሮዝ የሆነው ግን ሻጋታ ነው። በሻገተ ጊዜ ላዩን ብቻ አንሥቶ የታችኛውን መስጠት ስስት ነው፤ ባልዲው በሙሉ ይደፋል፣ ይታጠባል፣ ከዚያም ከእሱ ምንም እርሾ ሳይወሰድ እንደ አዲስ ይጀመራል። አልኮል አልኮል የሚል ሽታ ይስቱ ባክቴሪያውን መቅደሙን ይናገራል። ብዙውን ጊዜ ሙቀቱ በዝቶ፣ ቀኑ ረዝሞ ወይም ሞላሰስ ተጨምሮበት ነው። ቀኑን ማሳጠርና ከጥሩው ባልዲ ብዙ እርሾ ማስቀረት ያስተካክለዋል። የትውከት ወይም የበሰበሰ ሥጋ ሽታ ካለው ግን የሚያስተካክለው ነገር የለም፤ ይጣል።

ማብላላት የማያድናቸውን ነገሮች ማወቅ ከሁሉ በላይ ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ። የሻገተ በቆሎ ውስጥ ያለ አፍላቶክሲን ባልዲ ውስጥ ስለከረመ አስተማማኝ አይሆንም፤ ጫጩት ደግሞ ለዚህ መርዝ በጣም ስስ ነው። ጥሬ አኩሪ አተርም ሳይቆላ ወይም በሙቀት ሳይበስል መኖ ውስጥ መግባት የለበትም፤ ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚከለክለውን ነገር ማብላላት ቢቀንሰውም አያጠፋውም። መኖውን ራሱ ለሚቀምም ሰው ደግሞ ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛው፣ የኖራ ድንጋይ ዱቄት አሲዱን ስለሚያበርደው መኖው ቶሎ አይኮመጥጥም። ሌላው፣ ለብቻው የሚጨመር ላይሲን (ፕሮቲን ከሚሠራባቸው አሚኖ አሲዶች አንዱ) ባክቴሪያዎቹ ይበሉታል፤ የሥጋ ዶሮ ደግሞ ያለ ላይሲን የደረት ሥጋ አያወጣም። እህሉና የአኩሪ አተር ኬኩ ይብላላ፤ ኖራው፣ ቫይታሚኑና አሚኖ አሲዱ ሊሰጥ ሲል ይታሽ። አንቲባዮቲክ ያለበት መኖም አብላዮቹን ራሳቸውን ስለሚገድል በደንብ አይብላላም።

የፕሮቲኑ ልክ ለደረቅ መኖ ከሚሰጠው አይለይም። እስከ 3 ሳምንት ከ21 እስከ 23 በመቶ፣ ቀጥሎ 20 ገደማ፣ መጨረሻ ላይ 18 አካባቢ ነው።

ጫጩቶቹን በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ቀናት በደረቅ መኖ ማስጀመር እመርጣለሁ። መብላትና መጠጣት ይልመዱ፣ ሙቀታቸውም ይስተካከል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 34 ዲግሪ፣ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየተቀነሰ። ከዚያ በኋላ የተብላላው ጠጠር ተደርጎ በትንሽ በትንሹ፣ በቀን 4 ወይም 5 ጊዜ በዝቅተኛ ሳህን ይሰጣቸዋል፤ ደረቁ በሦስት አራት ቀን ውስጥ ይወጣል። እርጥብ መኖ ላይ የሚንጎራደድ ጫጩት ደረቱና እግሩ ይረጥባል፣ የረጠበ ጫጩት ደግሞ ይበርደዋል። ስለዚህ ሳህኑ ላይ መቆም የሚከለክል ፍርግርግ ይደረግበት። ኩስ ፊንጢጣው ላይ ደርቆ የተጣበቀበት ጫጩት ካለ ለብ ባለ ውኃ አለስልሶ ማንሣት ነው፤ ብዙዎቹ ላይ ከታየ ግን መጀመሪያ የሚፈተሸው ሙቀቱ ነው።

ካደጉ በኋላ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ፣ በአንድ ወይም ሁለት ሰዓት ውስጥ ጨርሰው የሚያነሡትን ያህል መስጠት ይስማማቸዋል። በዚህ አሰጣጥ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚበሉ የገንዳው ርዝመት ይወስናል። ለአንድ ዶሮ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ከሌለ ደካሞቹ ወደ ኋላ ይቀራሉ፣ ልዩነቱም በሳምንት ውስጥ በዓይን ይታያል። ሙቀት ባለበት ቀን ገንዳ ውስጥ የቀረ መኖ ከጥቂት ሰዓት በላይ አይቆይም፤ ዝንብ ይሰበስባል፣ ላዩ ይደርቃል፣ ጥጉ ላይ ይሻግታል። የገንዳው ማዕዘን በየቀኑ በብሩሽ ይታሽ። ንጹሕ ውኃም ሳይቋረጥ ይኑር፤ እርጥብ መኖ የሚበላ ዶሮ ጥቂት ቢጠጣም መጠጫው ባዶ መሆን የለበትም።

ጉዝጓዙ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር የእንጨት ፍቅፋቂ ይሁን፤ ለአንድ ያደገ ዶሮ ከካሬ ሜትር አምስተኛው እጅ ቢደርሰው ደግሞ አየሩም ወለሉም ይተርፋል። አንድ ዶሮ አንሥቶ የእግሩን መርገጫ መገልበጥ ከማንኛውም መለኪያ በላይ ይናገራል። ቆዳው ለስላሳና ቢጫ ወይም ነጭ ከሆነ ወለሉ ደኅና ነው፤ መሐሉ ላይ ጥቁር ቅርፊት ከተያዘ ጉዝጓዙ ከረጠበ ሰንብቷል። አሲዱ የኮክሲዲዮሲስን (አንጀት የሚያቆስለውን የተውሳክ በሽታ) እንቁላል አይገድልም፤ ያ እንቁላል ደግሞ የሚነቃው እርጥበት ሲያገኝ ነው። ደም ያለበት ኩስ፣ የተንጠለጠለ ክንፍ፣ ጥግ ላይ መኮራመት ከታየ ወደ እንስሳት ሐኪም ነው እንጂ ወደ ባልዲው አይኬድም።

የሥጋ ዶሮ ሥጋው ከአጥንቱና ከልቡ ስለሚቀድም ሌሊት መጨለም አለበት። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ቢያንስ 6 ሰዓት ጨለማ ቢያገኝ እግሩ ይጸናል፣ ድንገት ወድቆ የሚሞተውም ይቀንሳል። በከፍታና በብርድ አገር ሆዱ ውኃ የሚቋጥረው ዶሮ ስለሚበዛ ዕድገቱን ትንሽ ማዘግየት አያስቆጭም።

ከመታረዱ በፊት ከ8 እስከ 12 ሰዓት መኖ ይነሣል፣ ውኃ ግን እስከ መጨረሻው ይቀራል። እርጥብ መኖ ከረጢቱ ውስጥ ከቀረ ሲታረድ ሥጋውን ያበላሻል፤ ከረጢቱን በእጅ ዳብሶ ባዶ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። የመጨረሻው ባልዲ ቅሪት ለሚቀጥለው ዙር እርሾ እንዲሆን ማቆየት አልወድም። ከታመመ ዶሮ ጋር በአንድ ቤት የነበረ ነገር ሁሉ ከቤቱ ይወጣል። አዲሱ እርሾ ሦስት ቀን ብቻ ስለሚፈልግ ባልዲውን አጥቦ፣ ፀሐይ አስመትቶ፣ ጫጩቶቹ በሚገቡበት ዕለት አዲሱን መኖ መዘፍዘፍ ነው፤ ደረቁን በልተው ሲጨርሱ የኮመጠጠው ደርሶ ይጠብቃቸዋል።