አዳዲስ የሊኑክስ ተጠቃሚዎችን መሳብና ማቆየት፦ ከሠራሁት የተማርኩት

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ሲሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ሲያቋርጥ፣ በዙሪያዬ ያሉ ብዙ ሰዎች የያዙት ላፕቶፕ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ቺፕ መስፈርት ስለማያሟላ ወደ ዊንዶውስ 11 መሻገር አልቻሉም። በዊንዶውስ ምትክ የሚጫነውን ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ሊኑክስ ሚንትን፣ ለማስተዋወቅ አመቺ ጊዜ ነበር። ሰዎቹን ይበልጥ የሳባቸው ግን የፍላሽ ቫይረስ ጉዳይ ነው። ማተሚያ ቤት ደርሶ የመጣ ፍላሽ ውስጥ ያለው ፎልደር ሁሉ ሾርትከት ሆኖባቸው የደነገጡ ሰዎች፣ ያንኑ ፍላሽ በሚንት ስከፍትላቸው ቫይረሱ የደበቀው ፋይል እንዳለ ይታያቸዋል፤ ቫይረሱም የተሠራው ለዊንዶውስ ስለሆነ እዚያ አይነሳም። ማንም ሊጠቀምበት፣ ሊቀይረውና ሊያካፍለው የሚችለውን የነፃ ሶፍትዌርን ዓላማ ከልቤ ባምንበትም፣ ስለ እሱ ይህን ካሳየሁ በኋላ ብናገር ይሻላል እላለሁ።

አስቸጋሪው ማቆየቱ ነው። ሰው ተስፋ የሚቆርጠው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ የዕለት ሥራው ሲስተጓጎልበት ነው። አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ለዓመታት ያጠራቀሙትን የፈተና ጥያቄ ሲከፍቱ የላቲን ፊደልና ምልክት ብቻ ሆነባቸው። «ልጄ፣ ጽሑፌ ጠፋ እኮ!» አሉኝ። «አልጠፋም፣ ቲቸር» ብዬ የፓወር ግዕዝን ፎንት ስጭንላቸው ጽሑፉ ተመልሶ መጣ። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 የዓለም ፊደላት የጋራ ኮድ በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የተሠሩት ፎንቶች የአማርኛውን ቅርጽ በላቲኑ ኮድ ላይ ያስቀምጡ ስለነበር፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ የሚታየው ላቲኑ ነው። ስለዚህ ከመጫኔ በፊት የቆየ ሰነዳቸውን፣ ፕሪንተራቸውንና አማርኛ የሚጽፉበትን መንገድ እጠይቃለሁ፤ የአማርኛ ኪቦርዱንም አስተካክዬ፣ ራሳቸው ስማቸውን ሲጽፉ ሳላይ አልሄድም። ለዊንዶውስ በተሠራው የሒሳብ ፕሮግራም በፒችትሪ ለሚሠራ የሒሳብ ባለሙያ ግን ዊንዶውሱን አጥፋ አልልም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን እጭንለታለሁ።

ሌላው የሚጠየቅ ሰው ማግኘት ነው። የቴሌግራም ግሩፓችን ውስጥ ለጀማሪ ጥያቄ የተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ትእዛዝ ብቻ ወርውሮ መሄድ አይፈቀድም፤ መልስ የሚሰጥ ሰው በስክሪንሾት አስደግፎ በአማርኛ ያስረዳል። እኔም መልሱን ባውቀው እንኳ ወዲያው አልጽፍም፣ ምክንያቱም በቅርቡ የጀመረ ሰው ለሌላው ጀማሪ ሲያስረዳ ሊኑክስን የራሱ አድርጎ እንደሚይዘው ደጋግሜ አይቻለሁ። እስከ ማታ ማንም ካልመለሰ ግን ጠያቂው ሳይተኛ እኔ እመልሳለሁ።