ኦሞ፣ ናስና አጭር ጎማ

ሥራዬ የሆስፒታል ዕቃ መጠገን ነው። ኦክስጅን ሲሊንደር፣ ሬጉሌተር (የጋዝ ግፊት መቀነሻ)፣ ፍሎሜትር (የጋዝ ፍሰት መለኪያ) የዕለት እንጀራዬ ናቸው። ስለዚህ አንድ ጓደኛዬ ደውሎ «ሐይቁ ውስጥ ለሚጠልቁ ልጆች ከጀልባ ላይ ኦክስጅን የሚያወርድ ነገር ትሠራልናለህ?» ሲለኝ ብዙም ሳላስብ እሺ አልኩ። ምን አለው? ሲሊንደር፣ ጎማ፣ አፍ ውስጥ የሚገባ ነገር። አለቀ።

አላለቀም።

ሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ አንዲት የሞተር ጀልባ ሰጥማ ነበር። ሁለት ጠላቂዎች ወርደው ገመድ ሊያስሩላት ነው። አንደኛው ጠለቃ የተማረው ጅቡቲ ነው፤ ከዚህ በኋላ «ልጁ» የምለው እሱን ነው። ሐይቁ ጥልቅ የሚባል አይደለም፣ ቢበዛ 22 ሜትር ገደማ ነው። ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ ነው የተኛው። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው 82 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ሐዋሳ ላይ 20 ሜትር የወረደ ሰው፣ ሲወጣ ባሕር ውስጥ ከ24 ሜትር እንደወጣ ነው የሚቆጠረው። ይህን እኔ አላውቅም ነበር፤ ልጁ ነው ወረቀት ላይ አስልቶ ያሳየኝ።

ታች በግፊት የተተነፈሰ ናይትሮጅን ደምና ሥጋ ውስጥ ይሟሟል። ቶሎ ከወጡ ነገሩ የአምቦ ውሃ ክዳን ሲከፈት እንደሚሆነው ነው። ስለዚህ መንገድ ላይ ቆም እየተባለ ይወጣል። ቆመው ሳለ ንጹህ ኦክስጅን ከተነፈሱ ደግሞ አዲስ ናይትሮጅን ስለማይገባ የተጠራቀመው ቶሎ ይወጣል። ሲሊንደሩ ጀልባው ላይ ከቀረ ጠላቂው ተጨማሪ ጠርሙስ አይሸከምም፤ 6 ሜትር ላይ የተንጠለጠለ ብረት ይዞ መተንፈስ ብቻ ነው።

የመጀመሪያ ስህተቴ የሙያ ስህተት ነበር። ሲሊንደሩ ላይ የለመድኩትን የሆስፒታል ሬጉሌተር ከነፍሎሜትሩ ገጠምኩ። ግቢዬ ውስጥ ልጁ አፉ ውስጥ ከተተና ሳብ አደረገ። «ይሄ የአቮካዶ ጁስ በቀጭን ስትሮ ነው» አለኝ። ልክ ነበር። ፍሎሜትሩ በደቂቃ ቢበዛ 15 ሊትር ነው የሚሰጠው። እየሠራ የዋለ ሰው ደግሞ ላይ ላይ እንኳ በደቂቃ 20 ሊትር ይተነፍሳል። 6 ሜትር ላይ ግፊቱ ስለሚጨምር ወደ 28 ሊትር ይሄዳል። የታመመ ሰው አልጋ ላይ ተኝቶ ቀስ ብሎ ይተነፍሳል፤ እኔ ዕድሜዬን የማውቀው እሱን ነው።

ስለዚህ የጠላቂ ሬጉሌተር ያስፈልጋል፤ የሲሊንደሩን 150 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ወደ 10 ባር ገደማ የሚያወርድና ሲስቡት ብቻ የሚከፈት። እሱ ግን ሆስፒታል ሲሊንደር ላይ አይገጥምም። ቶርኖ ቤት ሄጄ ከናስ ማገናኛ አስቀረጽኩ። እንደ ወርቅ የሚያበራ ሥራ ሠሩልኝ። ደስ ብሎኝ ቤት ወስጄ ልገጥመው ስል ጣቴ ላይ ስስ ነገር ተሰማኝ። የማሽኑ ዘይት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ሰው የሚሞተው እዚህ ስለሆነ። ከፍተኛ ግፊት ያለው ኦክስጅን ዘይት ወይም ግሪስ ካገኘ ክብሪት አይፈልግም። ቫልቩ በድንገት ሲከፈት ጋዙ በአንዴ ይታመቅና ይግላል። ያ ሙቀት ዘይቱን ለማቀጣጠል ይበቃል። ከዚያ በኋላ ጎማውም፣ እጅም ይነዳል። ስለዚህ ሁሉንም ፈታሁ። በሙቅ ውሃና በኦሞ አጠብኩ፣ ደጋግሜ አለቀለቅኩ። ንጹህ ብረት ላይ ውሃ ሲፈስ እንደ ስስ ሻሽ ይዘረጋል፤ ጠብ ጠብ ብሎ ከተሰበሰበ ቅባት አለ ማለት ነው። የጎረቤት ሱቅ ሀሰተኛ ብር የሚለዩበትን መብራትም ተዋስኩ። ጨለማ ክፍል ውስጥ ብዙ ዓይነት ዘይት በዚያ ብርሃን ያበራል። ሁሉም ግን አያበራም፤ ስለዚህ መብራቱን ብቻ አላመንኩም። ኦሪንጎቹን (ጋዝ እንዳያልፍ የሚያደርጉትን የጎማ ቀለበቶች) ለኦክስጅን በሚሆኑ ቀየርኩ፤ ግሪስም ለኦክስጅን ተብሎ የተሠራውን ብቻ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ባለቤቴ የሰሃን ማጠቢያው መቼ እንደሚለቀቅላት ጠየቀችኝ።

ጎማው ሌላ ታሪክ ነው። 15 ሜትር ጥቅል ነበር የገዛሁት፣ «ይብዛ እንጂ አይነስ» ብዬ። ልጁ አይቶ ፊቱ ተለወጠ። «ይሄን ይዤ 12 ሜትር ብወርድስ?» አለኝ። ንጹህ ኦክስጅን ከ1.6 ባር በላይ ውሃ ውስጥ አይተነፈስም፤ ድንገት ያንቀጠቅጣል፣ ያፈራግጣል፣ አፍ ላይ ያለውም ይወድቃል። ሐዋሳ ላይ 6 ሜትር 1.4 ባር ገደማ ነው፤ 12 ሜትር ግን 2 ባር ይሆናል። ጎማውን ቆረጥኩት። አፍ የሚገባው ጫፍ ቢጎተትም ከ6 ሜትር ብዙም እንዳያልፍ አድርጌ ከብረቱ ጋር አሰርኩት። ሰው ሊረሳ ይችላል፣ አጭር ጎማ ግን አይረሳም። ጫፉ ላይም ወደ ኋላ የማይመልስ ቫልቭ ገጠምኩ፤ ላይ ጎማው ቢበጠስ የጠላቂውን አፍ እንዳይስብ።

የሥራው ቀን ሌላው ጉድ መጣ። ጀልባውን የሰጡን አሞራ ገደል ያሉ አንድ ዓሣ አስጋሪ ናቸው። ደግ ሰው ናቸው። ጠዋት ቁርስ ብለው የተጠበሰ ዓሣ ይዘው መጡ፤ ሁላችንም በእጃችን በላን። ቀጥሎ ረዳታቸው በዚያው እጁ ሲሊንደሩን ሊከፍትልኝ ዘረጋ። ጮህኩበት። ረዳቱ ደነገጠ።

«ምን አጠፋሁ ጋሼ?»

«ዘይት ነው እጅህ! ታጠብ!»

ከዚያ ዞር ስል ሲሊንደሩን ያሰርነው ከሞተሩና ከቤንዚን ጀሪካኑ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነው። ሦስት ቀን የናስ ቁራጭ ሳጥብ የከረምኩት ሰውዬ ይህን አላየሁም። ሲሊንደሩን ወደ ፊት አዛወርን፤ ቫልቩን የምነካው እኔ ብቻ ሆንኩ፤ ቀስ ብዬ፣ ፊቴን አዙሬ። ሞተሩም ጠፋ።

ሌላው ሥራ በሰላም አለቀ፤ ጉማሬ ይመጣል እያሉ ካስፈራሩን በቀር። አንድ 40 ሊትር ሲሊንደር 150 ባር ሲሞላ 6,000 ሊትር ጋዝ ነው፤ ለሁለት ሰው 20 ደቂቃ የሄደው ከ1,200 ሊትር በታች ነበር። በጣም የወደድኩት ግን የልጁን ዕቅድ ነው። መቆሚያውን ሁሉ ያሰላው አየር ብቻ እንደሚተነፍስ አድርጎ ነበር። ኦክስጅኑ ምርቃት ነው። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ነፋስ ተነሥቶ ጀልባው ሲናጥ ኦክስጅኑን ዘጋሁና ለምልክት ሁለት ጊዜ ገመዱን ጎተትኩ። እነሱም ወደ ጀርባቸው አየር ተመልሰው ሰዓታቸውን ጨርሰው ወጡ። ማንም አልሮጠም።

ማታ ልጁ መኪናውን አስነሥቶ አዲስ አበባ ልግባ አለ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ያንን ሁሉ ቀስ ብሎ ከውሃ የወጣ ሰው፣ በመኪና ተጨማሪ 600 ሜትር ሊወጣ! ራሱ ያስተማረኝን ሒሳብ መልሼ አነበብኩለት። ሳቀና ቁልፉን ሰጠኝ። እኔ ቤት አደረ፣ በማግስቱም እስከ ማታ ሐይቁ ዳር ሲዞር ዋለ። ዓሣ አስጋሪው እስከ ዛሬ ሲያገኙኝ ሰላምታቸው «ኦሞህን ይዘሃል?» ነው።