ለትንሽ የጋራ ገንዳ ድንክ ሲክሊድ ስመርጥ

የዓሣ ገንዳዬ 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 30 ሴንቲ ሜትር ወርድና 30 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ሲሆን፣ እስከ አፉ ቢሞላ 54 ሊትር ይይዛል። አሸዋው፣ ድንጋዩና የዛፍ ሥሩ የሚወስዱት ቦታ ሲቀነስ፣ ለዓሦቹ የሚተርፈው ውሃ ከዚያ በእጅጉ ያንሳል። በእንዲህ ያለ ጠባብ ቤት፣ ያውም ሌሎች ትንንሽ ዓሦች በሚኖሩበት፣ ሲክሊድ ማኖር እንደሚቻል ስናገር ብዙዎች ግንባራቸውን ይቋጥራሉ። አይፈረድባቸውም፤ ቆሮሶን ጨምሮ ከ1,700 በላይ ዝርያዎች የተመዘገቡበት ይህ የዓሣ ቤተሰብ በጠበኛነቱ ስም ያወጣ ነው። ነገር ግን ከ10 ሴንቲ ሜትር የማያልፉት፣ ድንክ ሲክሊድ የምንላቸው ዝርያዎች፣ ታስቦባቸው ከተመረጡ ከጎረቤት ጋር ተስማምተው ይኖራሉ።

«ሰላማዊ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሲክሊዶች እንቁላላቸውን ጥለው የሚሄዱ ሳይሆኑ ጫጩቶቻቸውን የሚጠብቁ ወላጆች በመሆናቸው፣ በመራቢያ ጊዜ ጭራሽ የማይቆጣ ሲክሊድ ፈልጎ ማግኘት ዘበት ነው። እኔ ሰላማዊ የምለው፣ በሌላው ጊዜ ማንንም የማይነካውን፣ እንቁላል ሲጠብቅ ደግሞ የሚያስከብረው ክልል ከገንዳው ወለል እኩሌታ የማይበልጠውን ነው። ስለዚህም የገንዳው ሊትር ብዙ አይነግረኝም፤ የምለካው ወለሉን ነው። እነዚህ ዓሦች የሚኖሩት፣ የሚመገቡትና የሚጣሉት ወለል ላይ ስለሆነ፣ ረጅምና ዝቅ ያለ ገንዳ ከጠባብና ከፍ ካለው ይሻላቸዋል።

የመጀመሪያ ምርጫዬ ራሚሬዚ ነበር። በቬንዙዌላና በኮሎምቢያ ከሚገኙት የኦሪኖኮ ተፋሰስ ሜዳማ ቦታዎች የመጣው ይህ ዓሣ በ1948 በሳይንስ የተመዘገበ ሲሆን፣ ፊቱ ቢጫ፣ ጎኑ በሰማያዊ ነጠብጣብ የተነሰነሰ ነው፤ አንድ ጊዜ ያየው ሰው ሌላ ዓሣ አይታየውም። እኔም አልታየኝም። ጥንዶቹን አምጥቼ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ውሃ ውስጥ፣ ኒዮን ቴትራ ከሚባሉት ትንንሽ ዓሦች ጋር አኖርኳቸው። በሁለተኛው ሳምንት ወንዱ ጥግ ይዞ ቆመ፤ ምግቡን አፉ ውስጥ ከትቶ መልሶ ይተፋው ጀመር፤ ከሞተ ከአራት ቀን በኋላ ሴቷም ተከተለችው። ሻጩን ስወቅስ ከረምኩ። ለገበያ በብዛት የሚራቡት ራሚሬዚዎች ብዙ ጊዜ ደካማ መሆናቸው እውነት ቢሆንም፣ ዋናው ጥፋት ግን የእኔ ነበር፤ ራሚሬዚ ከ27 እስከ 30 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀትና ማዕድን ያነሰበት፣ ትንሽ አሲዳማ የሆነ ለስላሳ ውሃ ይፈልጋል፤ ገንዳውም ገና የሁለት ወር ዕድሜ ነበረው። በዚያ ሙቀት ደግሞ ኒዮን ቴትራ ይጎዳል። ራሚሬዚን የመረጠ ሰው ጎረቤቶቹንም በእሱ ሙቀት መምረጥ ይኖርበታል፤ ካርዲናል ቴትራና ስቴርባይ የተባለው ኮሪዶራስ (ወለል ላይ የሚኖር ትንሽ የአምባዛ ዘመድ) ሙቀቱን ይችሉታል።

ከዚያ በኋላ ያመጣሁት የቦሊቪያውን ራም ነው። በቦሊቪያና በብራዚል ወንዞች የሚገኘው ይህ የራሚሬዚ የቅርብ ዘመድ እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ያድጋል፤ ከ23 እስከ 26 ዲግሪ በሆነ ውሃ ይመቸዋል፤ የውሃው ማዕድን ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ቢል እንደ ዘመዱ ወዲያው አይታመምም። ቀለሙ ደብዘዝ ያለ ነው፦ ግራጫና ማር መሳይ ገላ፣ ጎኑ ላይ ጥቁር ነጥብ፣ የጅራቱ ጫፍና ጫፍ ቀይ። ውበቱ የሚገለጠው ሲመገብ ነው። አንገቱን ደፍቶ አንድ ጉርሻ አሸዋ ያፍሳል፣ ያላምጠዋል፣ የሚበላውን አስቀርቶ አሸዋውን በስንጥቡ በኩል እንደ ዱቄት ያወርደዋል፤ ከዚያም አንድ ጣት ያህል ወደፊት ይራመድና እንደገና ይጀምራል። ወለሉ ሻካራ ጠጠር ቢሆን ይህን ማድረግ አይችልም፤ ስለዚህ ደቃቅ አሸዋ ግድ ነው። ገና ትንሽ ሳሉ ወንዱን ከሴቷ መለየት አስቸጋሪ በመሆኑ አራት ወስጄ ጥንድ እስኪሆኑ ጠበቅኩና የቀሩትን ሁለቱን ሰፊ ገንዳ ላለው ወዳጄ ሰጠሁ።

አፒስቶግራማ የተባሉት የድንክ ሲክሊድ ወገኖችም ለዚህ ስፋት የተገቡ ናቸው። ከፓራጓይ ወንዝ ተፋሰስ የመጣው ቦሬሊ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ የሚችልና ካየኋቸው ሁሉ ገራሙ ነው። ካካቱዎይዴስ ይበልጥ ያጌጠ ቢሆንም፣ እንቁላሏን በዋሻ ውስጥ የጣለችው ሴት ገላዋ ደማቅ ቢጫ ሆኖ፣ መጠኗ ከወንዱ በጣም ያነሰ ሆኖ ሳለ፣ ራሱን ወንዱን እንኳ ታባርረዋለች። በዚህ ጊዜ መሸሸጊያ ካጣ ይጎዳል። ስባሪ ገል፣ ተክልና የዛፍ ሥር እየተደራረቡ ከአንዱ ጥግ ሌላው እንዳይታይ ማድረግ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። በ60 ሴንቲ ሜትር ገንዳ ሁለት ወንድ አፒስቶግራማ አይግቡ።

ክሪቤንሲስ የተባለው ሌላ ድንክ ሲክሊድ ሰላማዊ እየተባለ ቢሸጥም፣ በእንዲህ ያለ ገንዳ ውስጥ ሲራባ ሌሎቹን ዓሦች ሁሉ ጥግ ያስይዛል፤ አልመክረውም። በባዶ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ውስጥ የሚኖሩት የታንጋኒካ ሐይቅ ሲክሊዶች መጠናቸው ቢያንስም ማዕድን የበዛበትና አልካላይን የሆነ ውሃ ስለሚፈልጉ የራሳቸው ገንዳ ይሰጣቸው።

ከላይኛው ውሃ የሚዋኙ ጥቂት ትንንሽ ቴትራዎች መኖራቸው ለሲክሊዶቹም ይበጃል፤ እነሱ ሳይደናገጡ ሲዋኙ ያየ ሲክሊድ አደጋ የለም ብሎ ከመሸሸጊያው ይወጣል። ኮሪዶራስ ግን ሌላ ነገር ነው። ጠንካራ ልባስ ስላለው ቢገፉት አይገባውም፤ በጨለማም እየዳሰሰ እንቁላል ይበላል። የእኔ የቦሊቪያ ራም ጥንዶች በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ እንቁላል የጣሉ ዕለት፣ ማታ መብራቱን ሳጠፋ በክንፋቸው እያራገቡለት ነበር። ጠዋት ስመለስ ድንጋዩ ተልሶ ነበር፤ ሴቷ ግን ባዶውን ድንጋይ አሁንም ታራግብለታለች። ኮሪዶራሶቹን ላወጣቸው ባልዲ አዘጋጅቼ ነበር፤ ኋላ ግን ተውኩት። ከሦስት ሳምንት በኋላ በዚያው ድንጋይ ላይ እንደገና ጣሉ።