«ሼባ ሰብሳቢው» የተባልኩበት ታሪክ

ጓደኞቼ «ሼባ ሰብሳቢው» ይሉኛል። ስሙን በላቤ ነው ያገኘሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዓመታት በፊት አሥር ሆነን የኤን ቢ ኤ (የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ) ፋንታሲ ውድድር ጀመርን። ለእያንዳንዳችን በየዓመቱ 200 የጨዋታ ዶላር ይሰጠናል። በእሱ ተጫዋቾችን በጨረታ እንገዛለን። ተጫዋቾቹ ሜዳ ላይ ያስቆጠሩት፣ ያቀበሉት፣ የነጠቁት ሁሉ ለእኛ ነጥብ ይሆናል። የወደድነውን ተጫዋች ደግሞ በገዛንበት ዋጋ ለሚቀጥለው ዓመት ማቆየት እንችላለን። እኔን ጉድ የሠራችኝ ይቺ የመጨረሻዋ ሕግ ናት። ገንዘቡ የውሸት ነው፤ ንዴቱ ግን የእውነት። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

የመጀመሪያው ሼባዬ ስቲቭ ናሽ ነበር። 2012 ላይ የሎስ አንጀለሱ ቡድን ሌከርስ ሲያመጡት 38 ዓመቱ ነው። የሦስት ዓመት ኮንትራት፣ 27 ሚሊዮን ዶላር ገደማ። በዚያ ላይ ለቀድሞ ቡድኑ ለፊኒክስ ሁለት የአንደኛ ዙር እና ሁለት የሁለተኛ ዙር የድራፍት ዕጣዎችን (አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ የመምረጥ መብት) ሰጡ። ብዙ ሰው አብደዋል አላለም፤ እኔም አላልኩም። ናሽ ከዚያ በፊት በነበረው ሲዝን በየጨዋታው በአማካይ 10.7 አሲስት (ወደ ነጥብ የተለወጠ ቅብብል) ይሰጥ ነበር። አሁን አጠገቡ እንደ ኮቢ ብራያንት፣ ጋሶል እና ድዋይት ሃዋርድ ያሉ ኮከቦች አሉ። ማቀበል ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ከ200ው ላይ 31 ከፍዬ ወሰድኩት። ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

በሁለተኛው ጨዋታ እግሩ ተሰበረ።

ከማን ጋር ተጋጭቶ መሰላችሁ? ከዴሚየን ሊላርድ ጋር። ሊላርድ በኤን ቢ ኤ የመጀመሪያ ጨዋታውን የሚጫወትበት ምሽት ነበር። እሱን ደግሞ አንዱ ጓደኛዬ በ4 ዶላር ገዝቶታል። «የእኔ ልጅ የአንተን ሽማግሌ ሰበረው» ብሎ የላከልኝን መልእክት እስከ ዛሬ አልሰረዝኩትም። ሊላርድ ያን ዓመት የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ። ናሽ ተመልሶ መጣ፣ ግን ጀርባው እና ነርቩ አላስቀምጠው አለ። በሦስቱ የኮንትራት ዓመታት በመደበኛው ሲዝን የተጫወተው 65 ጨዋታ ብቻ ነው። ሦስተኛውን ዓመት ጭራሽ ሜዳ አልገባም።

ሰው ከዚህ ይማራል አይደል? እኔ በሚቀጥለው ዓመት ኮቢን ገዛሁ።

ኮቢ በኤፕሪል 2013 የተረከዝ ጅማቱ ተበጥሷል። 34 ዓመቱ ነው። በዚያ ሲዝን ግን በአማካይ ከ27 ነጥብ በላይ እያስቆጠረ ነበር። ጨረታው ላይ ሁሉም ሲሸሸው በርካሽ አገኘሁት። ከዚያ ኖቬምበር ላይ ሌከርስ ገና ወደ ሜዳ ሳይመለስ የሁለት ዓመት፣ 48.5 ሚሊዮን ዶላር ውል አስፈረሙት። ዜናውን ሳነብ ወንበሬ ላይ ተመቻቸሁ። ሐኪሞቹን የሚያዩት እነሱ ናቸው፤ እነሱ ካመኑ እኔ ማን ነኝ? የማስበው እንደዚያ ነበር።

ዲሴምበር ላይ ሊመለስ ሲል ቦታ አስፈለገኝ። የተጎዳ ተጫዋች የምናቆይባት አንዲት ቦታ ብቻ ነበረችን፤ እሷም ተይዛለች። ስለዚህ የእግር ጣቱን ታሞ ጨዋታ የሚያመልጠውን አንድ የቺካጎ ልጅ ለቀቅኩት። ጂሚ በትለር ይባላል። ኮቢ ስድስት ጨዋታ ተጫውቶ ጉልበቱ ላይ አጥንቱ ተሰነጠቀ፤ ሲዝኑ አከተመ። በትለር በሚቀጥለው ሲዝን በአማካይ 20 ነጥብ እያስቆጠረ የዓመቱ ከፍተኛ መሻሻል ያሳየ ተጫዋች ሆነ። ባቆየው ኖሮ በ2 ዶላር የእኔ ነበር። ሁለት ዶላር!

የኮቢን ጉዳይ ብዙ አሰብኩበት። ያ 48.5 ሚሊዮን የተከፈለባቸው ሁለት ሲዝኖች ሌከርስ በድምሩ 38 ጨዋታ ብቻ ያሸነፉባቸው ናቸው። 2015-16 ላይ 17 አሸንፈው 65 ተሸነፉ፤ በክለቡ ታሪክ ከዚያ የባሰ የለም። ግን የስንብቱ ምሽት ላይ 50 ጊዜ ሞክሮ 60 ነጥብ አስቆጠረ። ክለቡም፣ ደጋፊውም፣ ቴሌቪዥኑም የሚፈልገውን አገኘ። እኔ የማነበው እንዲህ ነው፦ ሌከርስ የሚመጣውን ነጥብ አልገዙም፤ ያለፈውን ውለታ ነው የከፈሉት። ይሄ የእነሱ መብት ነው። የእኔ ስህተት የውለታ ክፍያን እንደ ጤና ምስክር ወረቀት ማንበቤ ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። ፋንታሲ ላይ ግን ለስም ነጥብ የለም።

ከዚያ በኋላ ደብተር ያዝኩ። የምር ደብተር። አንድ ተጫዋች ሲያረጅ ምኑ ቀድሞ ይሄዳል፣ ምኑ ይቆያል እያልኩ መጻፍ ጀመርኩ። ቀድሞ የሚሄደው የመጀመሪያው እርምጃ ነው፤ ተከላካዩን ጥሎ የሚያልፍባት ቅጽበት። ቀጥሎ ወደ ጎን እየተንሸራተቱ መከላከል። ቀጥሎ በተከታታይ ሁለት ምሽት መጫወት። ውርወራ ግን ይቆያል። ማቀበልም ይቆያል። ቁመት የትም አይሄድም።

ጄሰን ኪድ ለዚህ ጥሩ ማሳያዬ ነው። ወደ ሊጉ ሲገባ ውርወራው መሳቂያ ነበር። ፍጥነቱ ሲቀንስ ሦስት ነጥብ መወርወር ተማረ። በ2009-10 ከሦስት ነጥብ መስመር ከ42 በመቶ በላይ አገባ። በ2011 ከዳላስ ጋር ሻምፒዮን ሲሆን 38 ዓመቱ ነው፤ ያውም ቋሚ ተሰላፊ ሆኖ። ይሄን ጽፌ «ገባኝ» ብዬ ደብተሩን ልዘጋ ስል ኪድ ራሱ ወደ ኒው ዮርክ ሄደ። በ2013 ፕሌይ ኦፍ (ከመደበኛው ሲዝን በኋላ ያለው የዋንጫ ፉክክር) በመጨረሻዎቹ አሥር ጨዋታዎች አንድም ነጥብ ሳያስቆጥር ጫማውን ሰቀለ። አሥር ጨዋታ፣ ዜሮ። የሼባ አወዳደቅ ደረጃ በደረጃ አይደለም። ዛሬ አለ፤ ነገ የለም። ስለዚህ ከአንድ ዓመት በላይ ላቆየው ብዬ ሼባ አልገዛም አልኩ።

ሁለተኛው የደብተሬ ጥያቄ ተቀያሪ ሆኖ ቤንች ላይ ይቀመጣል ወይ የሚል ነበር። ካርሜሎ አንቶኒ በ2017 ኦክላሆማ ሲገባ ከቤንች ስለመነሳት ተጠይቆ ሳቀ። በሚቀጥለው ዓመት ሂውስተን አሥር ጨዋታ አጫውታ ተለያየችው። አንድ ዓመት ሙሉ ቤቱ ተቀመጠ። ፖርትላንድ ሲጠራው ግን ሌላ ሰው ሆኖ ነው የመጣው። በ2020-21 ከቤንች እየተነሳ ከ13 ነጥብ በላይ ያስቆጥር ነበር። ቪንስ ካርተር ይሄን ቀድሞ ስለገባው 22 ሲዝን ተጫውቶ በ43 ዓመቱ ነው ያቆመው። የእሱን ዳንክ እያየን ላደግን ሰዎች አጠገቡ ያሉት ልጆች ሲጫወቱ እያጨበጨበ መቀመጡ ትንሽ ልብ ይነካ ነበር። እሱ ግን ደስተኛ ይመስለኝ ነበር።

ዋጋ ላይ አሰልቺ አልሆንም፤ አል ሆርፎርድ ብቻ ይበቃል። ፊላደልፊያ በ2019 እስከ 109 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ የአራት ዓመት ውል ሰጠችው፤ የቡድኑ ኮከብ ኤምቢድ በሚጫወትበት ቦታ ማለት ነው። አንድ ሲዝን ብቻ አጫውታ ከአንደኛ ዙር ዕጣ ጋር አዳብላ ሸኘችው። በ2024 ያው ሰውዬ 38 ዓመት ሞልቶት ከቦስተን ጋር ሻምፒዮን ሆነ። እንዲያውም አርጅቷል። የተለወጠው ቦታው እና አጠገቡ ያሉት ልጆች ናቸው።

ልጆቹን ካነሳሁ አይቀር፣ እነዚያ የቦስተን ልጆች ከየት መጡ? ብሩክሊን በ2013 የ35 ዓመቱን ፒርስ እና የ37 ዓመቱን ጋርኔት ከቦስተን ለማግኘት የ2014፣ የ2016 እና የ2018 የአንደኛ ዙር ዕጣዎችን ሰጠቻት። 2017ን ደግሞ ለመቀያየር ተስማማች። አንድ የፕሌይ ኦፍ ዙር አለፈች። ጄይለን ብራውን እና ጄሰን ቴተም ከዚያ ዕጣ የተመዘዙ ናቸው። ስለ ጂሚ በትለር በተናደድኩ ቁጥር ብሩክሊንን አስባለሁ፤ ቀለል ይለኛል።

ደብተሬ አንዴ በደንብ ክሶኛል። በ2020 ክሪስ ፖል ፊኒክስ ሲገባ 35 ዓመቱ ነው፤ ደመወዙ ከ41 ሚሊዮን ዶላር በላይ። ፊኒክስ ደግሞ አሥር ዓመት ፕሌይ ኦፍ አላየችም። ጨረታው ላይ እጄን ሳነሳ ሙድ ያዙብኝ። «ናሽ ናፈቀህ?» አለ የሊላርዱ ጓደኛዬ። እኔ ደብተሬን አይቻለሁ። ፖል በፍጥነቱ የሚኖር ተጫዋች አይደለም። ኳሷን ይዞ ቀስ ብሎ የመሐል ርቀት ውርወራው ቦታ ጋ ይደርሳል፤ ከዚያ ይወረውራል ወይ ያቀብላል። በ17 ዶላር ወሰድኩት። ከ72 ጨዋታ 70ውን ተጫወተ፤ 16.4 ነጥብ፣ 8.9 አሲስት። ፊኒክስ ከ1993 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፍጻሜ ደረሰች፤ በሚልዋኪ ብትሸነፍም። እኔም በእኛው ፍጻሜ ተሸነፍኩ። ቢሆንም ለአንድ ሳምንት ማንም ሼባ አላለኝም።

አንድ ነገር ግን በፋንታሲ ሊታይ አይችልም። የእኛ ውድድር የሚያልቀው በማርች መጨረሻ ወይ በኤፕሪል መጀመሪያ ነው። ጎበዝ አሰልጣኝ ደግሞ ሼባውን የሚያሳርፈው ያኔ ነው። ማርች 2012 ላይ ሳን አንቶኒዮ ቲም ደንካንን አሳረፈችው። የጨዋታው መዝገብ ላይ ያልተጫወተበት ምክንያት ምን ተብሎ ተጻፈ? «አርጅቶ»። ዓለም ሳቀ፤ ደንካን የእኔ ቡድን ውስጥ ስለነበር እኔ አልሳቅኩም። ግን አሰልጣኙ ፖፖቪች ልክ ነበር። በ2014 ሻምፒዮን ሲሆኑ አንድም ተጫዋቻቸው በመደበኛው ሲዝን በአማካይ 30 ደቂቃ አልተጫወተም። ደንካን 38 ዓመቱ ነበር።

ሬይ አለንም እንደዚያው ነው። በ2012 ቦስተን የሰጠችውን የተሻለ ገንዘብ ትቶ ማያሚ ሲሄድ ፋንታሲ ላይ ከንቱ ሆነ፤ በቡድኔ ጎን አላለፈም። በጁን 2013 የፍጻሜው ስድስተኛ ጨዋታ ሊያልቅ 5.2 ሰከንድ ሲቀረው ከጥጉ ሦስት ነጥብ ወርውሮ አቻ አደረገ። ማያሚ በጭማሪ ሰዓት አሸነፈች፣ ሰባተኛውንም ደገመች፣ ዋንጫው መጣ። ለዋንጫ የደረሰ ቡድን ሼባ የሚገዛው ለእንደዚህ ዓይነት አንድ ምሽት ነው። ለዋንጫ ያልደረሰ ቡድን ያ ምሽት አይመጣለትም። ከፊኒክስ በቀር ለዚህ ጥሩ ተቃራኒ ምሳሌ አላገኘሁም፤ ፊኒክስም ብትሆን ዴቪን ቡከርን የመሰለ ኮከብ ነበራት።

ደብተሬ ግን አንዴ ጉድ ሠርቶኛል። በ2019 ጨረታ ሌብሮን ጄምስ ቀረበ። ባለፈው ሲዝን ብሽሽቱን ታሞ 55 ጨዋታ ብቻ ነው የተጫወተው። 35 ሊሞላው ነው። ደብተሩ «አትንካው» አለኝ፤ አልነካሁትም። የሊላርዱ ጓደኛዬ ወሰደው። በዚያ ሲዝን ሌብሮን በአማካይ 10.2 አሲስት ሰጥቶ ሊጉን መራ፤ በ2020 ዋንጫ በላ። በ2023 የካሪም አብዱል-ጀባርን የምንጊዜም የነጥብ ሪከርድ ሰበረ። በ2024 ከልጁ ጋር አንድ ሜዳ ላይ ተጫወተ።

የሌብሮን ልደት ዲሴምበር 30 ነው። ጓደኛዬ በየዓመቱ በዚያ ቀን ጠዋት የሻማ ምስል ይልክልኛል። አርባ ዓመት የሞላው ጊዜ አርባውንም ሻማ አንድ በአንድ ላከ። ስልኬን አጥፍቼ ተኛሁ።