ራም ስንቆጥር የዋልንበት ቅዳሜ

ዛሬ ደብረ ማርቆስ ጓደኛዬ ቤት ለጌም ተሰብስበን ነበር። ጌሙ ቀርቶ የማን ኮምፒውተር ይበልጣል እያልን ስንከራከር ዋልን።

ባለቤቱ ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር ገዝቷል፣ ባለ 6 ጊጋ ግራፊክስ ካርድ፣ የጌሙን ምስል የሚስለው ዕቃ ማለት ነው። የእኔ 1050 ቲአይ ነች። በፈረንጆቹ 2016 የወጣች፣ 4 ጊጋ። «አሮጊቷን ጡረታ አውጣት እንጂ!» ብለው ሳቁብኝ። ዋጥ አደረግኳት።

አዲሱን ካርድ ልንገጥም ስንል ኤሌክትሪክ የሚያድለው ፓወር ሰፕላይ የካርድ ገመድ የለውም! ካርዱ እስከ 125 ዋት ይበላል። ዕቃው ሁሉ የሚሰካበት ማዘርቦርድ ላይ ያለው የካርድ መሰኪያ የሚሰጠው ግን ቢበዛ 75 ነው። የእኔዋ አሮጊት በዚያችው 75 ዋት ታድራለች፣ ሌላ ገመድ አትለምንም። ደረቴን ነፋሁ።

ብዙም አልቆየ። የእኔን ሲከፍቱት 16 ጊጋው ራም፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲሠራ ዳታ የሚይዝበት ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ አንድ ፍሬ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሁለት ባለ 8 ብሰካ ኖሮ በዱዋል ቻናል ይሠራ ነበር፣ ፕሮሰሰሩም ዳታውን በሁለት መስመር ያገኝ ነበር። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ጌሙ ሲንቀራፈፍ ካርዷን ስሳደብ ኖሬያለሁ። ይቅርታ እናቴ!

ገጣጥመን ልንጀምር ስንል መብራት ድርግም። የጓደኛዬ እናት ረከቦቱን እያቀረቡ፣ «እሰይ፣ ዛሬስ ዓይናችሁ አረፈ» አሉን።